ከዝሊን እስከ ሊሙሩ፦ የባታ ጫማ መደብሮች እንዴት በዙ?



 ጫማና ልብስ የምትነግዱ፣ ጫማ የምትሠሩ፣ ንግድ የምትማሩ ወገኖቼ፣ በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ግብዣ የደረሰኝ «አንድ ሱቅ እንዴት መቶ ሱቅ ይሆናል?» ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛ ሱቅ ከፍታችሁ ሦስተኛው ላይ የተቸገራችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ዘመድ ቀጥራችሁ ሂሳብ የጠፋባችሁም አላችሁ። ስለዚህ ስለ ንግድ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ ቤት መርጬ የእሱን ታሪክ ከሥሩ ልነግራችሁ መጣሁ።

የመረጥሁት ባታን ነው። ይህ ጫማ ቤት በ1894 በአንዲት ትንሽ የሞራቪያ ከተማ ተቋቋመ፤ ዛሬ በ70 ገደማ አገሮች ከ5000 በላይ መደብሮች አሉት። ናይሮቢን የምታውቁ በየጎዳናው ቀዩን ጽሑፍ አይታችሁታል። ካምፓላም፣ ሉሳካም፣ ኒው ዴልሂም የሄደ ያውቀዋል። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።

ዋና ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገረው፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። ባታ የበዛው መግዛት ያልቻለውን ሰው «ደንበኛዬ አንተ ነህ» ብሎ ስለተነሣ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ከዚያ ሰው ኪስ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ፋብሪካውን፣ ሱቁንና ሂሳቡን ለዚያ ዋጋ እንዲበቁ አድርጎ ያደራጃቸዋል። በሦስት ነገሮች ላይ እቆያለሁ፤ በዋጋው፣ በሱቁ ሂሳብ፣ እንዲሁም ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ላይ ሥር በሰደደበት መንገድ።

ከመነሻው እንጀምር። ያቺ ትንሽ የሞራቪያ ከተማ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ያለችው ዝሊን፣ ያኔ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር ነበረች፤ ሕዝቧ ሦስት ሺህ ገደማ ነው። የባታ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ጫማ ሰፊ ነው። አንቶኒን፣ አና እና ቶማሽ የተባሉ ወንድማማቾችና እህት ከእናታቸው በወረሱት 800 ጉልደን የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ቶማሽ ያኔ 18 ዓመቱ ነው። ገና ሲጀምሩ ከአባታቸው ልማድ ወጡ። የድሮው ጫማ ሰፊ እግር ለክቶ በትእዛዝ ይሰፋል፤ ካልሆነም የሰፋውን በገበያ ቀን ይዞ ይወጣል። እነሱ ሠራተኛ ቀጥረው በቋሚ የሥራ ሰዓትና በየሳምንቱ በሚከፈል ደመወዝ ማሠራት ያዙ።

ብዙም ሳይቆዩ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ያለ ቁጥጥር በዱቤ ቆዳ ወስደው መክፈያው ጊዜ ሲደርስ እጅ አጠራቸው። በዚያ ላይ ታላቁ ወንድም ለውትድርና ተጠራ፤ ቤቱ በቶማሽ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቆዳ የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ያለውን ጥቂት ቆዳ ለሶሉ አድርጎ የላዩን በሸራ ሠራው። ሸራ ጫማ ምን እንደ ሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ያላደረገው የለም። ያ ሸራ ጫማ ቀላልና ርካሽ ስለ ነበር የቆዳ ጫማ ሊገዛ የማይደፍረው ሠራተኛና ገበሬ ተሻማበት። ቤቱ ዕዳውን ከፍሎ ቆመ፤ ጫማውም በቤተሰቡ ስም «ባቶቭካ» ተብሎ ተጠራ። ለእኔ የባታ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቶማሽ ድኻው ሰው ደህና ገዢ መሆኑን በችግሩ ምክንያት አወቀ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት አልረሳውም።

በ1904 ከጥቂት ሠራተኞቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን የምትባል የጫማ ፋብሪካዎች ከተማ አለች፤ እዚያ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተቀጥሮ ማሽን ላይ ቆመ። አንድ ጫማ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ አንዱ እጅ ሲዘገይ ሌላው ምን ያህል እንደሚጠብቅ አይቶ ተመለሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለኦስትሪያ ጦር ቦት ጫማ በማቅረብ ፋብሪካው በጣም ሰፋ። በዚያው በጦርነቱ ወቅት የራሱን መደብሮች በየከተማው መክፈት ጀመረ። ይህን ክፍል በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ በጦር ትእዛዝ ያደገ ፋብሪካ በዓለም ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጦርነቱ አልቆ ትእዛዙ ሲቋረጥ የሆነው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ፣ ወደ ዋጋው ገባሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በ1922፣ ዝሊን ከጦርነቱ በኋላ የገባችባት የአዲሲቱ ቼኮስሎቫኪያ ገንዘብ፣ ኮሩና፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠነከረ። ገንዘብ ጠነከረ ሲባል መልካም ዜና ይመስላል፤ ዕቃ ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ግን መርዶ ነው። ትናንት ለጀርመን ገዢ ርካሽ የነበረው የዝሊን ጫማ ዛሬ ውድ ሆነ፤ ትእዛዙ ቀረ። አገር ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ሥራ አጥቷል። ሥራ ያለውም ቢሆን ዋጋ ነገ ይወርዳል ብሎ ኪሱን ቆልፎ ይጠብቃል። የምንዛሪ ዋጋ ሲነቃነቅ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ፋብሪካዎች ሠራተኛ እያባረሩ በር ይዘጋሉ፤ የባታም መጋዘን በጫማ ተሞልቷል፤ ባንክ ደግሞ ብድሩን ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ብዙ ነጋዴ ዕቃውን ደብቆ ዋጋው እስኪመለስ ይጠብቃል። ቶማሽ ባታ የጫማውን ዋጋ ወደ ግማሽ አወረደው። በየከተማው ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሥዕሉ ቡጢ ነው፤ ከቡጢው ሥር የኑሮ ውድነት የሚል ቃል ተጨፍልቆ ይታያል። ሕዝቡ ወደ ሱቆቹ ጎረፈ። ወራት ሊያስጠብቅ የሚችል ክምችት ወጥቶ አለቀ፤ ገንዘቡም ገባ፤ አዲስ ጥሬ ዕቃ በወረደው ዋጋ ተገዛ። ተፎካካሪዎቹ ውድ ዕቃ ታቅፈው ሲቀሩ እሱ ርካሽ ቆዳ ይዞ አዲስ ሥራ ጀመረ።

ግን ግማሽ ዋጋ ከየት መጣ? ይህን ሳልናገር ባልፍ አታለልኋችሁ ማለት ነው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ ደመወዛችሁ በ40 በመቶ ይቀንሳል አላቸው። በምትኩ ኩባንያው ምግብ፣ ልብስና ሌላውን የዕለት ፍጆታ በግማሽ ዋጋ ሊያቀርብላቸው ቃል ገባ። ሠራተኞቹ ተቀበሉ፤ ሥራቸውም አልተዘጋም። ይሁንና ከደመወዙ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የተቆረጠበት አባወራ ያን ክረምት እንዴት እንዳለፈ ማሰብ አለብን። ዋጋ ቅነሳው ታላቅ ውሳኔ ነበር፤ ከሸክሙም ትልቁን ድርሻ የተሸከሙት ማሽን ላይ የቆሙት ናቸው። ባታን እያደነቁ ይህን የሚዘሉ የንግድ አሠልጣኞች አሉ፤ እኔ መዝለል አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የዋጋ አወጣጡ ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ዋጋው በ9 የሚያልቅ ቁጥር ነው፤ 29፣ 49፣ 99 ኮሩና። መስኮቱ ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ክርክር የለም። ዛሬ በየሱቁ የምናየውን ይህን አጻጻፍ በአውሮፓ ካስለመዱት ቤቶች አንዱ ባታ ነው። እኔ ከ9 ቁጥሩ ይልቅ የማየው ዋጋው አስቀድሞ መቆረጡን ነው። «ይህ ጫማ ስንት አወጣብን? ትርፍ ጨምረን ስንት እንሽጠው?» የሚለው የሁላችንም ልማድ ነው። እነሱ «አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሳይሳቀቅ ስንት ይከፍላል?» ብለው ይነሡና ወጪውን ወደዚያ ዋጋ እስኪወርድ ድረስ ያሳድዱታል። ሶሉ ላይ የባከነ ቆዳ፣ አንድ ማሽን ከሌላው ርቆ በመቆሙ የጠፋ ደቂቃ፣ ሁሉም ይታደናል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ወጪውን ማን ያሳድደዋል? ባለቤቱ ብቻውን አንድ ሱቅ መጠበቅ ይችላል፤ መቶ ሱቅ ግን አይችልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ሦስተኛው ሱቅ ላይ የምትቆሙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ባታ በ1924 ገደማ ፋብሪካውን በሂሳብ ከፋፈለው። ቆራጩ ክፍል የቆረጠውን ለሰፊው ክፍል ይሸጣል፤ ሰፊው ሰፍቶ ሶል ለሚገጥመው ይሸጣል። ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የቀጣዩ ክፍል ሰው የተበላሸ ሥራ ከተቀበለ ኪሳራው ወደ እሱ ስለሚዞር አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም። የጥራት ተቆጣጣሪ ከላይ መላክ ሳያስፈልግ እያንዳንዱ ክፍል የጎረቤቱ ተቆጣጣሪ ሆነ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሂሳብ ይዘጋል፤ ውጤቱ ሁሉ ሊያየው በሚችል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ክፍሉ ካተረፈ የትርፉ ድርሻ ለሠራተኞቹ ይመደባል። ከድርሻው ግማሹ በእጅ ይሰጣል፤ ግማሹ ኩባንያው ውስጥ በሠራተኛው ስም ተቀምጦ 10 በመቶ ወለድ ይወልዳል። የክፍል ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ኪሳራውንም ይጋራል።

ሱቆቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ። የሱቁ ኃላፊ ወር ጠብቆ ደመወዙን ብቻ የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ ከሽያጩ ድርሻ አለው። ዕቃው የኩባንያው ነው፤ ዋጋውም ከዝሊን ተወስኖ ይመጣል። በዚያ መንደር ስንት ቁጥር ጫማ በብዛት እንደሚሄድ፣ የልጆች ጫማ መቼ እንደሚፈለግ፣ ዝናብ ሲመጣ መስኮት ላይ ምን መውጣት እንዳለበት የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ማወቁም ይከፈለዋል። አስቡት፤ መሸጫውን በአምስት ከተማ ቢከፍት ሱቁን እንደ ራሱ የሚጠብቁ አምስት ሰዎች ይኖሩታል፤ በሺህ ቢከፍት ሺህ። ቶማሽ በሞተበት ጊዜ ከአንድ ሺህ ተኩል የሚበልጡ መደብሮች የነበሩት ለዚህ ነው። ሁሉን ራሱ ይጠብቅ ቢሆን ኖሮ ከዝሊን ባልወጣ ነበር።

ስለ ሱቁ ውስጥ አሠራርም አንድ ነገር ላሳያችሁ። በ1929 ፕራግ እምብርት ላይ፣ ቫትስላቭ አደባባይ፣ ባታ አንድ ሕንፃ አስገነባ። ፊቱ ከታች እስከ ላይ መስታወት ነው፤ በሌሊት መብራቱ ሲበራ ፎቁ በሙሉ እንደ መስኮት ይታያል። አንድ ሰው ገብቶ አዲስ ጫማ ሲለካ አሮጌውን ለጥገና ይሰጣል፤ ካልሲ ይገዛል፤ እግሩ የቆሰለ ወይም ጥፍሩ የሚያመው ካለ እዚያው የእግር እንክብካቤ ያገኛል። ጫማ ሻጭ ለምን እግር ያክማል? ጫማ የሚያሳምመው ሰው ሁለተኛ ተመልሶ ስለማይመጣ ነው። አሮጌ ጫማ መጠገን ደግሞ አዲስ የመሸጥ ዕድል የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊያስጠግን የመጣ ሰው በወር አንዴ የሱቁን ደፍ ይረግጣል። የጠጋኝ ኪዮስክ ከጫማ ቤት ጎን ሲቆም እንደ ጠላት የምታዩት ካላችሁ ይህን አስቡበት።

እድገቱ ያስለቀሰው ሰው አልነበረም ወይ? ነበረ። ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አይወደድም ነበር። ቶማሽ ከ1923 ጀምሮ የዝሊን ከንቲባም ሆነ፤ ፋብሪካው፣ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ሲኒማው ሁሉ በአንድ ቤት እጅ ገባ። ሰው ከሥራ ሲባረር ቤቱንም ይለቃል። የሚሠራው ጠንክሮ ይሠራል፤ የሚኖረውም በኩባንያው ዓይን ሥር ነው። ከፋብሪካው ውጭ ደግሞ በየመንደሩ በወስፌና በመዶሻ የሚተዳደር ጫማ ሰፊ ነበረ። በባታ ዋጋ መወዳደር አልቻለም። እሮሮው መንግሥታት ዘንድ ደርሶ ፈረንሳይ በ1936 አዲስ የጫማ ፋብሪካና ጫማ ቤት መክፈትን የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰች፤ ስዊዘርላንድም ተመሳሳይ ገደብ ጣለች። ሕጎቹ በዋናነት ያነጣጠሩት ባታ ላይ ነው። እኔ ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ባዶ እግሩን የሚሄደው ልጅ ርካሽ ጫማ ሲያገኝ ደስ ይለኛል፤ የዚያ ልጅ ጎረቤት ጫማ ሰፊ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ግን ነገሩ አልተዘጋም። እንደኔ እምነት የትርፍ ድርሻውና የሂሳብ ሰሌዳው ሊወረሱ ይገባል፤ የሠራተኛን ጓዳ መቆጣጠሩ ግን የሚወረስ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥቤ ከአገር መውጣት ነው።

ከ1929 በኋላ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ተመታች፤ እያንዳንዱ አገር በጉምሩክ ቀረጥ በሩን ዘጋ። ከዝሊን የሚጫን ጫማ ድንበር ላይ ዋጋው ይንር ጀመር። ርካሽነቱ ብቸኛ ኃይሉ ለሆነ ቤት ይህ ሞት ነው። መልሱ ጫማውን ከቀረጡ ግድግዳ ወዲያ ማዶ መሥራት ሆነ። ቦሮቮ በዩጎዝላቪያ፣ ሞሊን በስዊዘርላንድ፣ ኢስት ቲልበሪ በእንግሊዝ፣ ቤስት በኔዘርላንድስ፣ ኤሎኩር በፈረንሳይ፣ ባታናጋር በካልካታ አጠገብ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ተተከለ። ሥፍራዎቹን በፎቶግራፍ ብታዩ አንድ ከተማ ተቀድቶ የተበተነ ይመስላችኋል። ቀይ ጡብ፣ ሰፋፊ መስኮት፣ የኮንክሪት ምሰሶ። በአንድ ምሰሶና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 6.15 ሜትር ነው፤ ዝሊን ውስጥ ለፋብሪካው፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለሆቴሉም ያው ልኬት ነበረ። ፋብሪካ ለመሥራት በየጊዜው አዲስ ንድፍ አያስፈልግም፤ ማሽኑ የት እንደሚቆም እንኳ አስቀድሞ ይታወቃል። ሱቁም እንዲሁ አንድ መልክ ነበረው። ማብዛት የቻሉት የሚበዛውን ነገር አንዴ በትክክል ሠርተው ስለጨረሱ ነው።

ቶማሽ የዚህን ፍሬ ብዙም አላየም። ሐምሌ 12 ቀን 1932 ማለዳ፣ ሰማዩ በጭጋግ እንደ ተሸፈነ፣ ኦትሮኮቪትሴ ካለው የኩባንያው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ስዊዘርላንድ ለመብረር ተነሣ። አውሮፕላኑ ወዲያው ወደቀ፤ እሱም አብራሪውም ሞቱ። ቤቱን የተረከበው በአባት የሚገናኘው ወንድሙ ያን አንቶኒን ነው። በ1938 ዝሊን ውስጥ ባለ 16 ፎቅ የአስተዳደር ሕንፃ ተሠራ። የዋናው ኃላፊ ቢሮ ሊፍት ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው፣ ስልኩ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር አብረውት ከፎቅ ፎቅ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ኃላፊው ሠራተኛውን ወደ እሱ ከመጥራት ይልቅ እሱ ራሱ እንዲወርድ የታሰበ ነው። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ጎብኚ ሊፍቱን ያያል።

በቀጣዩ ዓመት የናዚ ጦር ገባ። ኩባንያው ከወረራው በፊትና በወረራው ሰሞን ብዙ አይሁድ ሠራተኞቹን በሥራ ዝውውር ስም ወደ ሩቅ ቅርንጫፎች አሸሽቷል። ከእነሱ አንዱ የኩባንያው ሐኪም ነበረ፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሲንጋፖር ተላከ። ዝሊን የተወለደው ትንሽ ልጁ ኋላ ቶም ስቶፓርድ የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ጸሐፌ ተውኔት ሆነ። የጫማ ቤት ቅርንጫፍ የሰው ነፍስ ማትረፊያ ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ትልቁ ምት መጣ። በ1945 ቼኮስሎቫኪያ የዝሊኑን ፋብሪካ ወረሰች። ሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችም ያለውን ወሰዱ። የከተማይቱ ስም እንኳ ጎትዋልዶቭ ተብሎ ተቀየረ፤ እስከ 1990 ድረስ ዝሊን የሚለው ስም ከካርታ ጠፋ። እናት ፋብሪካው ሲወሰድ ይህ ቤት መሞት ነበረበት። ያልሞተው ሱቆቹና ፋብሪካዎቹ በየአገሩ በራሳቸው ሂሳብ መቆም ስለለመዱ ነው። የቶማሽ ልጅ ቶማስ በ1939 ወደ ካናዳ ተሰዶ ኦንታሪዮ ውስጥ ባታዋ የምትባል መንደርና ፋብሪካ መሥርቶ ነበር። ከዚያ ሆኖ የተረፈውን አንድ በአንድ አያያዘው፤ ከአጎቱ ጋርም በባለቤትነት ጉዳይ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኋላ ቶሮንቶ ሆነ፤ አሁን ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ ፊቱን የመለሰው ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ነው። እዚህ ላይ ወደ ዋናው ሐሳቤ ተመለስሁ። አዳዲስ ነፃ የወጡ አገሮች ውስጥ ሚሊዮኖች ገና የመጀመሪያ ጫማቸውን አልገዙም ነበር። ባታ ለእነሱ የሚሆን ጫማ ሠራ፤ የላስቲክ ሰንደል፣ ሸራ ጫማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁር የተማሪ ጫማ። ኬንያ ውስጥ ሊሙሩ ላይ ፋብሪካ አለው። ከናይሮቢ ብዙም አይርቅም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የኬንያ እናት ልጇን ይዛ ባታ ትገባለች፤ ጫማውም «ታፊስ» ይባላል። ልጁ ሲያድግ «ሳፋሪ ቡትስ» ያደርጋል። ሕንዳዊ ደግሞ ባታ የሕንድ ነው ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል፤ አክሲዮኑ በሕንድ ገበያ ይሸጣል፤ ባታናጋርም በስሙ የተጠራች ከተማ ናት። በባንግላዴሽ የባታ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ዊሊያም አውደርላንድ በ1971 የነፃነት ጦርነት ለታጋዮቹ በሰጠው ድጋፍ «ቢር ፕሮቲክ» የተባለውን የጀግና ሜዳይ ተቀብሏል፤ ይህን ሜዳይ ያገኘ የውጭ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሥር መስደድ በማስታወቂያ አይገዛም። ሱቁ በዚያ አገር ሰው ይመራል፤ ጫማው በዚያ አገር ይሠራል፤ ዋጋው በዚያ አገር ደመወዝ ይተመናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱቁ ሰው ካለበት ቦታ አይርቅም፤ ትልቁ ከተማ ላይ ብቻ አይቆምም። በቅርብ ዓመታት ሕንድ ውስጥ ትንንሽ ከተሞች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ መደብሮች የከፈተው የአካባቢውን ነጋዴ አጋር አድርጎ ነው። ሕንፃውንና ሠራተኛውን ነጋዴው ያቀርባል፤ ስሙን፣ ዕቃውንና አሠራሩን ባታ። የዛሬ መቶ ዓመት ለሱቅ ኃላፊው የሽያጭ ድርሻ የሰጠው ቤት አሁንም በዚያው መንገድ እየሄደ ነው።

ውድቀትም አለበት። ባታዋና ኢስት ቲልበሪ ተዘግተዋል፤ የምዕራቡ ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ከቻይና ጋር መወዳደር አልቻሉም። አፍሪካ ውስጥም ልባሽ ጫማና ርካሽ የፕላስቲክ ጫማ ከሥሩ ገበያውን ይገዘግዘዋል። ከሱ በታች የሚሸጥ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይህ ፈተና ዛሬም በፊቱ ነው።

አሁን ስለ እኛ ጥቂት ልበልና ላብቃ። እኛ አገር አንበሳ ጫማና ጥቁር ዓባይ የራሳቸውን መደብር በየከተማው ከፍተው ሲሸጡ አይተን አድገናል። በመርካቶ ሸራ ተራ በእጃቸው ጫማ የሚሠሩ ወገኖቻችን ከቻይና ጫማ ጎርፍ በኋላ እንኳ ሞዴል እያሻሻሉ ገበያቸውን መልሰው የያዙበት ጊዜ ነበረ። ገጠሩም ኮንጎ ጫማን የወደደው በዋጋው ነው። ስለዚህ ሙያውም፣ ቆዳውም፣ ገዢውም አለን። ለዓመታት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ ግን በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የውጭ መደብሮች ነገ ጎረቤቶቻችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋጋቸው መስኮት ላይ የተጻፈ፣ ሂሳባቸው በየሳምንቱ የሚዘጋ፣ የሱቅ ኃላፊያቸው ከሽያጩ ድርሻ ያለው ይሆናሉ።

እነሱ እስኪመጡ አትጠብቁ። ነጋዴዎች፣ ከምትቀጥሩት የሱቅ ኃላፊ ጋር ቁጭ በሉና የሽያጭ ድርሻውን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሂሳቡን በየሳምንቱ አብራችሁ ዝጉ። ጫማ ሠሪዎች፣ ስትደራጁ መጀመሪያ የምትነጋገሩት ስለ ሞዴል ሳይሆን ስለ ዋጋ ይሁን፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ለልጁ ስንት መክፈል ይችላል? ከዚያ ወደ ሶሉ፣ ወደ ሙጫው፣ ወደ ቆዳው ተመለሱ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው። ከአሁኑ ብትጀምሩ ለመስከረሙ የተማሪ ጫማ ትደርሳላችሁ።